ስለ ሽምብራ ኩሬ የጦር ሜዳና የጥንት ውጊያ ስፍራ ስለሚጠበቅበት ሥርዓት

የአንድ ሀገር ታሪክ የሚጻፈው በብራና ላይ ብቻ አይደለም፤ በምድርም ላይ ይጻፋል። ብራናን እሳትና ምስጥ ያጠፉታል፤ በምድር ላይ የተጻፈውንም ማረሻና የቤት መሠረት ይፍቁታል። ይሁን እንጂ አንድ ብራና ቢቃጠል ግልባጩ በሌላ ደብር ሊገኝ ይችላል፤ ምድር ግን ግልባጭ የላትም። ስለዚህ አባቶች የተዋጉበትንና የወደቁበትን ስፍራ ለይቶ ማወቅ፤ ካወቁም በኋላ በምን ሥርዓት እንደሚጠበቅ መመካከር ለመምህራንም ለሀገር ሽማግሌዎችም የሚገባ ሥራ ነው። ለዚህ ምክር ምሳሌ የሚሆን አንድ ታላቅ የጦር ሜዳ ከአዳማ በስተ ምዕራብ ይገኛል፤ ይኸውም ሽምብራ ኩሬ ነው።

ስለ ስፍራው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን በተራ እያለፈ ይሄዳል። አገሩ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለ ነው፤ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ኮረብቶችና ሐይቆች አሉበት፤ በመካከላቸውም ጥቁር አፈር ያለው ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። የታሪክ ሊቃውንት የሽምብራ ኩሬን ውጊያ የሚያደርጉት በዚሁ በዱከምና በሞጆ መካከል ባለው አገር ነው።

የስፍራውን ስም ለአካባቢው አራሽ መተርጐም አያስፈልግም። ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ያቁራል፤ ዝናቡ ሲያበቃና ውሃው ሲጐድል ገበሬው በቀረው ርጥበት ላይ ሽምብራ ይዘራል፤ ሽምብራውም ሌላ ዝናብ ሳይጠብቅ በዚያው ርጥበት ያፈራል። እንግዲህ ስሙ ራሱ ስለ ስፍራው ሁለት ነገር ይመሰክራል፤ ውሃ የሚተኛበት ዝቅተኛ መሬት እንደ ነበረና እህል የሚዘራበት የባላገር ማሳ እንደ ነበረ። ይህ ምስክርነት ስፍራውን ለይቶ ለማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ወደ ፊት ይገለጻል።

ስለ ውጊያው

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ልብነ ድንግል ነበሩ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የአዳል መንግሥት ነበረ። ሁለቱ መንግሥታት ስለ ንግድ መንገድ፣ ስለ ግብርና ስለ ሃይማኖት ብዙ ዘመን ሲዋጉ ኖረዋል። የዘይላው ገዥ አሚር ማሕፉዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ድል ሆኖ ከሞተ በኋላ የልጁ የባቲ ድል ወንበራ ባል ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በአዳል ኃይሉ በረታ። የክርስቲያኑ ወገን መጻሕፍት ይህን ሰው «ግራኝ» ይሉታል፤ በግራ እጁ የሚሠራ ማለት ነው።

በመጋቢት ወር 1521 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር 1529) የሁለቱ ሠራዊት በሽምብራ ኩሬ ተገናኙ። ንጉሠ ነገሥቱ ከየአውራጃው የሰበሰቡት ጦር እጅግ የበዛ ነበር፤ ሆኖም ድሉ የኢማሙ ሆነ። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው ወደቀ።

ስለ ሠራዊቱ ቍጥር መጻሕፍት አይስማሙም። ከኢማሙ ወገን የነበረውና «ዓረብ ፈቂህ» የሚባለው ሺሃብ አድ-ዲን አሕመድ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» በተባለው መጽሐፉ የንጉሠ ነገሥቱን ጦር 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ ያደርገዋል፤ የኢማሙን ጦር ግን 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ነው ይላል። የኢትዮጵያው ዜና መዋዕል በበኩሉ የንጉሠ ነገሥቱን ፈረሰኞች ከ3,000 ጥቂት አልፎ ይቈጥራል፤ የኢማሙን ፈረሰኞች ደግሞ 300 ያደርጋቸዋል። መምህር ይህን ልዩነት ከተማሪዎቹ ሊሰውር አይገባውም። ድል ያደረገ ወገን ጠላቱን አብዝቶ ይቈጥራል፤ የድሉ ክብር በዚያ ይበልጣልና። ነገር ግን ሁለቱም መጻሕፍት በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም በቍጥር የሚበልጠው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር መሆኑ ነው። ጠላቶች የሆኑ ሁለት ምስክሮች በአንድ ቃል ሲገናኙ ያ ቃል ሊታመን ይገባዋል።

ኢማም አሕመድ ድል ቢያደርግም አገሩን ወዲያው አልያዘም፤ ጭፍሮቹ ወደየቤታቸው ለመመለስ ስለ ፈለጉ ወደ ሐረር አገር ተመለሰ። ሁለት ዓመት ቈይቶ በ1523 ዓ.ም. እንደ ገና መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን እየገፋ የኢትዮጵያን ደጋ አዳረሰ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ብዙ መጻሕፍት ጠፉ፤ ብዙ ሕዝብም ተማረከ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ ኖረው በ1533 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ ዐረፉ። በኋላም ልጃቸው ዐፄ ገላውዴዎስ ለእርዳታ ከመጡት ከፖርቱጋል ወታደሮች ጋራ ሆነው በየካቲት ወር 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ተዋጉ፤ ኢማሙም በዚያ ሞተ።

ሁለቱም መንግሥታት በዚህ ጦርነት ደከሙ። ከዚህ በኋላ የኦሮሞ ሕዝብ በገዳ ሥርዓት እየተመራ ወደነዚህ አገሮች በብዛት ገባ። አባ ባሕርይ የሚባሉት መነኩሴ የዚህን ሕዝብ ዜና የጻፉት ከሽምብራ ኩሬ ውጊያ በኋላ 65 ዓመት ያህል ቈይተው ነው። ዛሬ በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ አካባቢ ያለው ባላገር አብዛኛው ኦሮሞ ነው፤ የሜዳውም ጠባቂ እርሱ ነው።

ስፍራው ስለምን ይታሰባል

አንዳንድ ሰው «ይህ ውጊያ ለአንዱ ሐዘን፣ ለሌላው ደስታ የሆነ ነገር ነው፤ ዛሬ ስፍራውን ማክበር የተዳፈነውን እሳት መቈስቈስ ነው» ይል ይሆናል። ይህ አሳብ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የአድዋ ድል መላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ባንድነት ከውጭ ወራሪ ጋራ ተዋግቶ ያገኘው ስለ ሆነ መታሰቢያ ማቆም አላስቸገረም፤ በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የአድዋ ድል መታሰቢያ ለዚህ ማስረጃ ነው። በሽምብራ ኩሬ ግን የተዋጉት የሁለቱም ወገን ልጆች ዛሬ በአንድ ገበያ ይውላሉ፤ በአንድ ትምህርት ቤትም ይማራሉ።

ሆኖም ዝም ማለት ሰላም አይደለም። መምህር ያላስተማረውን ታሪክ ወሬኛ ያስተምረዋል፤ ወሬኛም የሚጨምረውን እንጂ የሚቀንሰውን አያውቅም። ስፍራው ቢጠበቅ መታሰቢያው ለድል አድራጊው ሐውልት፣ ለተሸነፈው ውርደት መሆን አይገባውም፤ በሜዳው ለወደቁት ሁሉ አንድ መታሰቢያ መሆን አለበት። የክርስቲያኑና የእስላሙ አጥንት በአንድ አፈር ውስጥ ሆኖ ወደ 500 ዓመት ሊሞላው ነው፤ አፈሩ ያልለየውን መታሰቢያው ሊለየው አይገባም።

ብሔራዊ ፓርክ ማለት ምን ማለት ነው

የጦር ሜዳ ይጠበቅ ሲባል ብዙ ሰው «ብሔራዊ ፓርክ ይሁን» ይላል። እንግዲህ የቃሉን ትርጕም ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ሕግ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው በተለይ የዱር አራዊት፣ አዕዋፍና ዕፀዋት ከነመኖሪያቸው የሚጠበቁበት ምድር ነው። የጥንት ሰው ሥራና የታሪክ ስፍራ ግን የሚጠበቀው በሌላ ሕግ፣ ይኸውም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 839 ደግሞ ቅርሶች ብሔራዊና ክልላዊ ተብለው እንዲመደቡ ያዝዛል። ስለዚህ ለሽምብራ ኩሬ የሚስማማው በር የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ለዚህ ምርመራ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ሁለት ምሳሌዎች ቅርብ ናቸው። የመጀመሪያው ከአዳማ በስተ ምሥራቅ፣ ከመተሐራ አጠገብ ያለው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ይህ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ1961 ዓ.ም. በሕግ ጸና። ሳላና ሌሎችም አራዊት በእርሱ ተጠብቀዋል። ዳሩ ግን የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበትና ውሃ ያጠጡበት የነበረው መሬት በፓርኩና በመተሐራው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተወሰደባቸው፤ ከዚህም የተነሣ በባላገሩና በጠባቂዎቹ መካከል ለብዙ ዓመት ጠብ ሆነ። ሁለተኛው ከዝዋይ (ደንበል) በስተ ደቡብ ያለው የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ፓርክ ተብሎ ቢሰየምም ሕዝብ ሰፍሮበታል፤ ዛፉ ለከሰል ተቈርጧል፤ የአብያታ ሐይቅም ውሃው ለሶዳ ፋብሪካና ወደ እርሱ የሚፈሰው ወንዝ ለመስኖ ስለ ተወሰደ እጅግ ጐድሏል።

ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ሁለት ትምህርት ይገኛል። ባላገሩን ሳያማክሩ መሬት መከለል ጠብን ይወልዳል፤ ስም ብቻ ሰጥቶ ጠባቂ ማሳጣትም ስፍራውን ከጥፋት አያድንም። በዱከምና በሞጆ መካከል ያለው ሜዳ ደግሞ አራዊት የሚኖሩበት ዱር ሳይሆን ጤፍና ሽምብራ የሚመረትበት ማሳ ነው። ይህን ሁሉ ከልሎ ፓርክ ማድረግ አራሹን ከእንጀራው መለየት ስለ ሆነ ሊታሰብ የሚገባው አይደለም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በአሜሪካ ጌቲስበርግ በተባለ ስፍራ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1863 የሰሜኑና የደቡቡ ጦር ሦስት ቀን ተዋጉ፤ የሞተው፣ የቈሰለውና የጠፋው ከሁለቱም ወገን ወደ 50,000 ይደርሳል። ይህም እንደ ሽምብራ ኩሬ ወንድም ከወንድሙ የተዋጋበት ሜዳ ነው። በ1895 መንግሥት ስፍራውን በሕግ የጦር ሜዳ ፓርክ አደረገው፤ ዛሬ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ይጠብቀዋል። የሁለቱም ወገን መታሰቢያዎች በዚያ ቆመዋል። ከመሬቱም አንዳንዱ ክፍል እስከ ዛሬ ለገበሬዎች እየተከራየ ይታረሳል፤ ውጊያው የሆነው በእርሻ መካከል ነበርና እርሻው ራሱ የታሪኩ ክፍል ሆኖ ተጠብቋል።

ለሽምብራ ኩሬ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የእንግሊዝ አገር ምሳሌ ነው። ቦስወርዝ በሚባል ሜዳ በ1485 ንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ ተዋግቶ ሞተ። ሕዝቡ ለብዙ ዘመን ውጊያው በአንድ ኮረብታ ላይ እንደ ሆነ ያምን ነበር፤ የጐብኝዎችም ቤት በዚያ ተሠራ። በኋላ ሊቃውንት ጥንታዊ መጻሕፍት ስለ አንድ ረግረግ የሚናገሩትን ይዘው አፈሩን መረመሩ፤ የጥንቱ ረግረግ የት እንደ ነበረ ለዩ፤ ብረት በሚያመለክት መሣሪያም ማሳውን ሁሉ ፈተሹ። የመድፍና የጠበንጃ እርሳሶች፣ እንዲሁም የንጉሡ ምልክት የሆነች በከርከሮ አምሳል የተሠራች የብር ጌጥ ተገኙ። በዚህም እውነተኛው ሜዳ ከታመነበት ኮረብታ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንደ ሆነ በ2009 ለዓለም አስታወቁ። የእንግሊዝ መንግሥት እንደነዚህ ያሉትን ሜዳዎች በመዝገብ ይጽፋቸዋል፤ ገበሬው እርሻውን አይነጠቅም፤ ቤት ወይም ፋብሪካ ልሥራ የሚል ሰው ግን አስቀድሞ ይመረመራል።

እዚህ ላይ የሽምብራ ኩሬ ስም ጥቅም ይታወቃል። ቦስወርዝን ለሊቃውንት የገለጠላቸው የጥንት ረግረግ ነው፤ የኢትዮጵያውም ሜዳ በስሙ ውስጥ ኩሬ ይዟል። አፈር ውሃ የተኛበትን ስፍራ ውሃው ከደረቀ በኋላም ለብዙ መቶ ዓመት በቀለሙና በደለሉ ይመሰክራል። ስለዚህ ወሰን ከመቍረጥና ሐውልት ከማቆም በፊት ኩሬውን መፈለግ ይቀድማል። ቦታውን ሳይለዩ ሐውልት ማቆም የቦስወርዝን ስሕተት መድገም ነው።

ስፍራውን የሚያሠጋው ነገር

ለዚህ ፍለጋ ጊዜው አይጠብቅም። አሮጌው የጅቡቲ ባቡር መስመር ከተሠራ ጀምሮ ይህ አገር የመላው ኢትዮጵያ መተላለፊያ ሆኗል። አሁን የፍጥነት መንገድ አለ፤ በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር ሐዲድ አለ፤ በሞጆ ታላቅ ደረቅ ወደብ አለ፤ በዱከምና በቢሾፍቱ ፋብሪካዎች በዝተዋል። ይህ ሁሉ ለሕዝቡ ሥራና እንጀራ ስለሚሰጥ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን የፋብሪካ መሠረት በአንድ ቀን የሚቈፍረውን አፈር የገበሬ ማረሻ በመቶ ዓመት አይነካውም። መሐንዲሱ ሲቈፍር ያገኘው የጦር ጫፍ፣ የፈረስ ልጓም ወይም አጥንት ምን እንደ ሆነ ካላወቀ ከድንጋዩ ጋራ አብሮ ይጥለዋል።

በዚያው በአዋሽ ወንዝ ላይ ወደ ላይ ርቆ የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። ላይ ላዩን ለሚያየው ተራ የወንዝ ዳር ነው፤ በአፈሩ ውስጥ ግን የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ ተደራርቦ ይገኛል። ስለ ተጠበቀና ስለ ተጠና በ2016 ዓ.ም. ከባልጪት ጋራ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ሳይመረመር ቢታነጽበት ኖሮ ያ ሁሉ ዕውቀት ይጠፋ ነበር።

የመምህራንና የሽማግሌዎች ሥራ

ስፍራውን በመዝገብ መጻፍና ወሰኑን መቍረጥ የመንግሥት ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ግን በየመንደሩ የሚሠራ ሥራ አለ።

አንደኛው የቦታ ስሞችን መሰብሰብ ነው። በአማርኛ የተጻፈው ስም ብቻ አይበቃም፤ በዚያ አገር አራት መቶ ዓመት ያህል የኖረው ሕዝብ የሚጠራቸው የኦሮምኛ ስሞች አሉ። «ጨፌ» የሚል ስም የርጥብ ሣር ሜዳን፣ «ሐሮ» ሐይቅን፣ «መልካ» የወንዝ መሻገሪያን፣ «አዋላ» መቃብርን ያመለክታል። ዛሬ ደርቆ የሚታረስ መሬት «ጨፌ» ተብሎ ቢጠራ ቀድሞ ውሃ እንደ ነበረበት ስሙ ይመሰክራል። አባ ገዳዎችና ሽማግሌዎች ይህን በቃል ያውቁታል፤ ተማሪዎች ከእነርሱ እየጠየቁ ቢጽፉት ለሊቃውንት ታላቅ መሪ ይሆናል።

ሁለተኛው ከመሬት የተገኘን ነገር መጠበቅ ነው። ገበሬ ሲያርስ አሮጌ ብረት ወይም አጥንት ቢያገኝ ከስፍራው ሳያርቅ፣ ሳይሸጥና ሳያቀልጥ የት እንዳገኘው ምልክት አድርጎ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ሊያስታውቅ ይገባዋል፤ አዋጁም በቍፋሮ የተገኘ ቅርስ ሳይዘገይ እንዲነገር ያዝዛል። ሀብት ፈላጊ ሆኖ ያለ ፈቃድ መቈፈር ግን በሕግ የተከለከለ ነው። ከስፍራው የተነቀለ የጦር ጫፍ ቁራጭ ብረት ብቻ ነው፤ በስፍራው ያለ ግን ፈረሰኛው በየት እንደ መጣ፣ እግረኛውም በየት እንደ ሸሸ ይናገራል።

ሦስተኛው ታሪኩን በፍርድ ማስተማር ነው። መምህሩ የዓረብ ፈቂህንም የዜና መዋዕሉንም ቃል ጎን ለጎን አቅርቦ ተማሪው እንዲያመዛዝን ያደርጋል። የአንዱን ወገን ልጅ የሚያስኮራ፣ የሌላውን የሚያሳፍር ቃል በትምህርት ቤት ውስጥ ሊነገር አይገባም፤ በ1521 ዓ.ም. የተዋጉት ተማሪዎቹ አይደሉምና።

አራተኛው በምክር ጊዜ የባላገሩን ቃል ማሰማት ነው። ስፍራው ተለይቶ ወሰን ሊቈረጥ ሲታሰብ ሽማግሌዎች አስቀድመው ሊጠየቁ ይገባል፤ ማሳው እንዲታረስ፣ ከብቱም እንዲሰማራ ሆኖ ጥልቅ ቍፋሮና ትልቅ ሕንፃ ብቻ የሚከለከልበት ሥርዓት ሊሠራ ይችላል። ከጐብኝዎች የሚገኘውም ገንዘብ ለዚያው መንደር ትምህርት ቤትና የውሃ ጕድጓድ ቢውል ባላገሩ ራሱ የሜዳው ዘበኛ ይሆናል።

በዚህ መንገድ ሲታይ ለሽምብራ ኩሬ የሚሻለው ዱርን ለመጠበቅ የወጣው የፓርክ ሕግ ሳይሆን በቅርስ ሕግ ተመዝግቦ፣ ጥቂት ቦታ ለመታሰቢያ ተለይቶ፣ የቀረው ሜዳ በአራሹ እጅ እንዲቈይ ማድረግ ነው። በመጸው መጀመሪያ ውሃው ሲጐድል ገበሬው ሽምብራውን ይዝራ፤ ተማሪውም በማሳው ዳር ቆሞ በዚያ አፈር ውስጥ የተኙት የሁለቱም ወገን ሰዎች አባቶቹ እንደ ሆኑ ይማር። ሜዳው ለሀገር የሚጠቅመው እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ነው።